ዓርማ የሚታተምባቸው ክሊፕቦርዶችና የጽሕፈት ፓዶች፦ ለድርጅት ሥራ እንዴት ይመረጣሉ?

ክሊፕቦርድ፣ ማለትም አናቱ ላይ ወረቀት የሚይዝ መቆንጠጫ ያለው መጻፊያ ሰሌዳ፣ በሥራ ላይ እያለ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይመልከቱት። ሠራተኛው ቆሞ፣ ሰሌዳውን በግራ ክንዱ ላይ አሳርፎ፣ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ወገቡ አስጠግቶ ይጽፋል። ለእርሱ የሚታየው ወረቀቱ ነው፤ ፊት ለፊቱ ለቆመው ደንበኛ የሚታየው ግን የሰሌዳው ጀርባ ነው። ይሁን እንጂ ድርጅቶች ክሊፕቦርድ ሲያዝዙ ዓርማቸውን በፊተኛው ገጽ መካከል፣ ወረቀት ዘወትር በሚሸፍነው ቦታ ላይ ሲያሳትሙ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስሕተቱ የሚመጣው ምርጫው ከዓርማው ስለሚጀምር ነው። ምርጫው መጀመር ያለበት ዕቃውን ከሚይዘው እጅ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም የተደረደሩት በዚሁ አካሄድ ነው።

1. ማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደሚጽፍ ይለዩ

ከማንኛውም አቅራቢ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ዕቃውን የሚጠቀሙትን ሠራተኞች በሥራ ቦታቸው ይመልከቷቸው፤ አጭር ጥያቄም ይጠይቋቸው። ቆሞ የሚጽፍ ሰው ጠንካራና ቀላል ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ጠረጴዛ ላይ ለሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ክሊፕቦርድ ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ጥሩ ፓድ፣ ማለትም በአንድ ጠርዝ የተያያዘ የመጻፊያ ወረቀት ጥራዝ፣ ይበቃዋል። ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው ነፋስ፣ ዝናብና ፀሐይ ስለሚያገኘው ወረቀቱን የሚሸፍን ተከፋች ክዳን ያለው ሰሌዳ ይረዳዋል። በሕክምና ተቋም ወይም በምግብ ማምረቻ ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ በቀን ብዙ ጊዜ ሊጸዳ የሚችል፣ ፈሳሽ የማይመጥ ዕቃ ያስፈልገዋል።

በዚሁ ደረጃ ላይ ብዛቱንም ያስሉ። የክሊፕቦርድ ብዛት የሚወሰነው በተጠቃሚዎች ቁጥርና በጥቂት መጠባበቂያ ሲሆን፣ የፓድ ብዛት ግን የሚወሰነው በፍጆታ ነው። ለምሳሌ 20 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በቀን 4 ሉክ የሚጠቀሙ ከሆነና በወር 22 የሥራ ቀናት ካሉ፣ የወሩ ፍጆታ 1,760 ሉክ ነው፤ ይህም በባለ 50 ሉክ ፓድ ሲሰላ 36 ፓድ ገደማ ይሆናል። ይህን ስሌት ያልሠራ ድርጅት ወይ በሁለተኛው ወር ያልቅበታል፣ ወይ ደግሞ አድራሻው ከተቀየረ በኋላም መጋዘኑን የሞሉ አሮጌ ፓዶች ይቀሩበታል።

2. መጠኑን በሚሊ ሜትር ይወስኑ

«ትልቅ»፣ «መካከለኛ» እና «ትንሽ» የሚሉ ቃላት በትእዛዝ ላይ ቦታ ሊኖራቸው አይገባም። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤ5 የእርሱ ግማሽ ሆኖ 148 በ210 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ ኤ6 ደግሞ 105 በ148 ነው። በአንዳንድ አገሮች የሚሠራበት ሌተር የሚባለው ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከኤ4 ይሰፋል፣ በቁመት ግን ያጥራል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሰሌዳ ለየትኛው ወረቀት እንደተሠራ መጠየቅ ግድ ነው። ሰሌዳው ከወረቀቱ በየጎኑ ቢያንስ ጥቂት ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት፤ አለበለዚያ የወረቀቱ ጠርዝ ይታጠፋል፣ ማዕዘኖቹም ከቀናት በኋላ ይቀዳደዳሉ።

መጠን ሲወሰን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክብደትን ነው፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። የኤ መጠኖች መነሻ የሆነው ኤ0 ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ሲሆን ኤ4 የእርሱ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ነው። በመሆኑም ባለ 80 ግራም ወረቀት፣ ማለትም አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት፣ በኤ4 መጠን እያንዳንዱ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል። ባለ 50 ሉክ ፓድ 250 ግራም፣ ባለ 100 ሉክ ፓድ ግማሽ ኪሎ ይሆናል ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የፓዱ ጀርባ ካርቶንና የሰሌዳው ክብደት ይታከልበታል። ቀኑን ሙሉ በመጋዘን ውስጥ እየተዘዋወረ ዕቃ ለሚቆጥር ሰው ይህ ልዩነት ማምሻውን በክንዱ ላይ ይሰማዋል። ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ባለ 100 ሉክ ፓድ ርካሽ ቢሆንም እንኳ ባለ 50ው የተሻለ ነው፤ የሚሞላው ቅጽ አጭር ከሆነ ደግሞ ኤ5 ከሁለቱም ይሻላል።

3. የሰሌዳውን ማቴሪያል ይምረጡ

ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራው ቡናማ ሰሌዳ (ሃርድቦርድ ወይም ኤምዲኤፍ) ጠንካራ መጻፊያ ይሆናል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ድክመቱ ውኃ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጠርዙ እርጥበት ሲመጥ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። ለቢሮና ለደረቅ መጋዘን ይስማማል፤ ለክሊኒክ ግን አይስማማም።

ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ውኃ አይመጥም፣ ሲወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ቀጭን ከሆነ ግን ሲጽፉበት ይለምጣል፤ ቆሞ የሚጽፍ ሠራተኛ ይህን በመጀመሪያው ቀን ያማርራል። ስለዚህ ናሙናውን በሁለት እጅ ይዘው መካከሉን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጎድጎድ የሚል ከሆነ ወፍራሙን ይጠይቁ። አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ እንደ መስታወት ያማረ መልክ አለው፣ ለእንግዳ መቀበያም ያምራል፤ ነገር ግን ጠንካራ ወለል ላይ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ይጫጫራልም። አሉሚኒየም ለዓመታት ያገለግላል፣ ውስጡ ወረቀት ማስቀመጫ ሣጥን ያለው ዓይነትም ይገኛል፤ ከቤት ውጭ ለሚሠሩ ይመረጣል፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ብርሃንም ያንጸባርቃል።

ሌላው ካርቶኑ በሁለት የፒቪሲ ፕላስቲክ ሽፋኖች መካከል ገብቶ ጠርዙ በሙቀት የተበየደ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ዓርማው ራሱ ከሽፋኑ ሥር በወረቀት ላይ ታትሞ ሊገባ ስለሚችል ኅትመቱ አይፋቅም፤ ባለ ብዙ ቀለም ምስል ለሚፈልግ ድርጅት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። መፈተሽ ያለበት ብየዳው ነው። ጠርዙን በጥፍርዎ እየተከተሉ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ ክፍት ቦታ ካለ ውኃ በዚያ ገብቶ ካርቶኑን ያበላሸዋል።

4. መቆንጠጫውን በእጅዎ ይፈትኑ

የክሊፕቦርድ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው በሰሌዳው ሳይሆን በመቆንጠጫው ነው፤ ይህን በፎቶ ማወቅ አይቻልም። ናሙናው ሲደርስዎ ሦስት ነገር ያድርጉ። በመጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አስገብተው ጫፉን በቀስታ ይሳቡት፤ ዝም ብሎ ከወጣ ስፕሪንጉ ደካማ ነው። ቀጥሎ በእርግጥ የሚጠቀሙበትን ሙሉ ፓድ ከነጀርባ ካርቶኑ አስገብተው ሰሌዳውን ወደታች ዘቅዝቀው ያወዛውዙት። ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ 100 ሉክ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ዝቅ ብለው የተሠሩ ጠፍጣፋ መቆንጠጫዎች ይህን ያህል አይከፈቱም። በመጨረሻ መቆንጠጫውን በአንድ እጅ ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉት። አውራ ጣት የሚያምም ወይም ቆዳ የሚቆነጥጥ ከሆነ ሠራተኞች ፓዱን ሳያስገቡ ከላይ ደርበው መያዝ ይጀምራሉ።

ብረቱ ዝገት የሚከላከል ሽፋን እንዳለው፣ ጠርዞቹ እንዳልሰሉ፣ ወረቀቱን የሚነክሱት ጫፎች ላይ ጎማ መኖሩንም ይመልከቱ፤ ጎማ ከሌለ በወረቀቱ አናት ላይ ጠባሳ ይቀራል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀሉ ሰሌዳዎች መስቀያ ቀዳዳ ያስፈልጋል። በብዛት ተደራርበው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋው መቆንጠጫ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው።

5. የፓዱን ወረቀትና ጥራዝ ይወስኑ

ለዕለት ጽሑፍ ባለ 80 ግራም ወረቀት በቂ ነው። ቀለሙ ወደ ጀርባ እንዳይታይ የሚፈለግ ከሆነ፣ ወይም ፓዱ ለስብሰባ እንግዶች የሚሰጥ ከሆነ ባለ 90 ወይም ባለ 100 ግራም ይዘዙ። ከግራሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የወረቀቱ ገጽ ነው። የሚያንጸባርቅ፣ የተቀባ ወረቀት ፎቶ ያሳምራል፤ በላዩ ላይ ሲጽፉ ግን እስክሪብቶው ይንሸራተታል፣ ቀለሙም ሳይደርቅ በእጅ ሲነካ ይበላሻል። የጽሕፈት ፓድ ያልተቀባ ወረቀት መሆን አለበት። ሠራተኞችዎ በሚጠቀሙበት እስክሪብቶ ናሙናው ላይ ሦስት መስመር ጽፈው ወዲያው በጣትዎ ያብሱት፤ መልሱን ያገኛሉ።

የመስመር ርቀትም ችላ አይባል። የ7 ሚሊ ሜትር ርቀት በጥቃቅን ለሚጽፍ ሰው ይስማማል፤ ቆመው ለሚጽፉና የግዕዝ ፊደልን ከነቅርጹ አስፍተው ለሚጥሉ ሰዎች 8 ሚሊ ሜትር ይሻላል። መስመሩ በደብዛዛ ግራጫ ይታተም፤ ደማቅ ከሆነ ጽሑፉ በስካነር ሲነሣ አብሮ ይጎላል።

ጥራዙ አናቱ ላይ በሙጫ የተያያዘ ከሆነ ሉኩ ሳይቀደድ በንጽሕና ይነሣል፤ ለክሊፕቦርድም የሚስማማው ይህ ነው። የሽቦ ጥምዝ ያለው ፓድ ጠረጴዛ ላይ መልካም ሆኖ ሳለ በመቆንጠጫ ሥር በደንብ አይገባም፣ ሽቦውም ይጨፈለቃል። ሙጫውን ለመፈተን ፓዱን ወደ ኋላ ለምጠው ከላይ አንድ ሉክ ይንቀሉ፤ ሁለት ሦስት ሉክ ተከታትለው ከመጡ ሙጫው አልያዘም። የጀርባው ካርቶን ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረው ያለ ሰሌዳም መጻፍ ይቻላል።

አንድ ጉዳይ በተለይ ላስገነዝብ። በእስክሪብቶ ተጭኖ የተጻፈ ጽሑፍ በሥሩ ባለው ሉክ ላይ ረቂቅ ምልክት ይተዋል። የደንበኛ ስም፣ ስልክ ወይም የጤና ሁኔታ የሚሞላበት ፓድ ከሆነ ቀጣዩ ደንበኛ ሉኩን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ የቀደመውን ሰው መረጃ ሊያነብ ይችላል። መፍትሔው ከሚጻፍበት ሉክ ሥር የሚገባ ተንቀሳቃሽ ጠንካራ ካርቶን ነው፤ ከፓዱ ጋር አብሮ እንዲሠራ ያዝዙ። በራሱ ቅጂ የሚያወጣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ቅጂ ፓድ ሲሆን ይህ ካርቶን የግድ ነው፤ ካልገባ ግፊቱ ወደ ሚቀጥለው ቅጽ ያልፋል።

6. ዓርማውና ጽሑፉ የት እንደሚውሉ ይወስኑ

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለአንድ ድርጅት ፓድ ሳሠራ የደብዳቤውን ራስጌ እንዳለ ወስጄ በፓዱ አናት ላይ እንዲታተም ላክሁ። ኮምፒውተር ላይ የተዋበ ነበር። ፓዶቹ መጥተው የመጀመሪያው ሠራተኛ በክሊፕቦርዱ ሲቆነጥጠው ብረቱ የድርጅቱን ስም ሙሉ በሙሉ ሸፈነው፤ ከሥሩ የታየው የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓድና ክሊፕቦርድ አብረው የሚውሉ ከሆነ በመጀመሪያ የማደርገው መቆንጠጫው ወረቀቱን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሸፍን በማስመሪያ መለካት ነው። በተገኘው ልኬት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ጨምረው ያንን ስፍራ ባዶ ይተዉት፤ ዓርማው ከዚያ በታች ወይም በግርጌ ይሁን።

በግርጌ ሲሆን ደግሞ የጸሐፊው እጅ የሚያርፍበትን የቀኝ ማዕዘን ያስቡ። ዓርማውን በገጹ መካከል በደብዛዛው ማተም የሚወድ ድርጅት ካለ ጥላው በጣም ቀላል፣ ከሙሉ ቀለሙ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ጽሑፉን ማንበብ ያስቸግራል።

በክሊፕቦርዱ ላይ ዋናው ኅትመት ወደ ጀርባ ይሂድ። መቆንጠጫው ወደ ላይ ሲሆን ዓርማው ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ያድርጉ፤ የሚይዘው ክንድ መካከሉንና ታችኛውን ክፍል ስለሚሸፍነውም በላይኛው አንድ ሦስተኛ ላይ ይዋል። ፊተኛው ገጽ ባዶ ቢሆን ምንም አይጎድለውም፤ ወይም ለሠራተኛው የሚጠቅም ነገር፣ ለምሳሌ በጎን ጠርዙ የሴንቲ ሜትር መለኪያ፣ ሊታተምበት ይችላል።

ስልክ ቁጥርን፣ አድራሻንና መፈክርን በተመለከተ አቋሜ የማያሻማ ነው። ክሊፕቦርድ ለዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ የማይለወጠው ብቻ፣ ማለትም ስምና ዓርማ ይታተምበት። የሚለዋወጠው መረጃ በጥቂት ወራት በሚያልቀው ፓድ ላይ ይሁን።

7. የኅትመቱን ዘዴ ከማቴሪያሉ ጋር ያዛምዱ

አንድ ወይም ሁለት ቀለም ብቻ ላለው ዓርማ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ስክሪን ፕሪንት (ቀለም በወንፊት መሰል ማያ አልፎ የሚታተምበት ዘዴ) ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ወፍራምና ደማቅ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ማያ ስለሚዘጋጅ የቀለም ብዛት ሲጨምር የዝግጅት ዋጋውም ይጨምራል። ብዙ ቀለም ወይም ፎቶ ካለ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን የሚደርቅ ዲጂታል ኅትመት ይመረጣል። አሉሚኒየምና እንጨት በሌዘር ሊቀረጹ ይችላሉ፤ ይህ ቀለም ባይኖረውም አይፋቅም። በብዛት ለሚሠራ ፓድ ኦፍሴት (በተዘጋጀ ፕሌት የሚታተምበት ዘዴ)፣ ለጥቂት ደግሞ ዲጂታል ያዋጣል።

ፖሊፕሮፒሊን ጥንቃቄ ይሻል። ገጹ ቀለም የመያዝ ጠባይ ስለሌለው ከኅትመት በፊት በእሳት ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ካልታከመ ቀለሙ ይላጣል። ናሙናው ላይ በኅትመቱ ላይ ማጣበቂያ ቴፕ ለጥፈው በጣትዎ በደንብ ይጫኑና በአንድ ጊዜ ይሳቡት፤ በቴፑ ላይ ቀለም ከተገኘ አይቀበሉት። ሰሌዳው በሥራ ላይ በአልኮል የሚጸዳ ከሆነም በአልኮል የራሰ ጨርቅ ደጋግመው ያሹት።

ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጡት የዓርማ ፋይል በቬክተር፣ ማለትም ሲጎላ ጥራቱን በማያጣ የመስመር ሥዕል፣ የተሠራ፣ በፒዲኤፍ ወይም በመሰል ፎርማት የተቀመጠ ይሁን፤ ከማኅበራዊ ገጽ የወረደ ምስል ሲጎላ ጠርዙ ይሰባበራል። ፎቶ ካለ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይኑረው፤ ቀለም እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነም በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይታከልበት። ቀለሙን በስም ሳይሆን በፓንቶን፣ ማለትም ማተሚያ ቤቶች በሚሠሩበት የቀለም መለያ፣ ቁጥር ይግለጹ፤ ያው ቁጥር ግን በተቀባና ባልተቀባ ወረቀት ላይ ተለይቶ እንደሚታይ አይርሱ። የክሊፕቦርዱ ሰማያዊና የፓዱ ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲመሳሰሉ ሁለቱንም ናሙናዎች በቀን ብርሃን አብረው ያስተያዩ።

8. ፕሮፎርማ ይሰብስቡ፣ ናሙና አይተው ይፈርሙ

ለሁሉም አቅራቢዎች አንድ ዓይነት ዝርዝር በጽሑፍ ይላኩ፦ መጠን በሚሊ ሜትር፣ የማቴሪያሉ ዓይነትና ውፍረት፣ የመቆንጠጫው ዓይነት፣ የወረቀቱ ግራም፣ የሉክ ብዛት፣ ጥራዝ፣ የቀለም ብዛት፣ የኅትመቱ ቦታና ልኬት፣ አስተሻሸግ፣ የማስረከቢያ ቀን። ዝርዝሩ አንድ ካልሆነ ዋጋዎቹን ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ የረከሰው ዋጋ ባለ 60 ግራም ወረቀት ላይ የተሰላ ሊሆን ይችላል። የዝግጅት ዋጋው ከነጠላ ዋጋው ተለይቶ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ትእዛዝ ማያው ወይም ፕሌቱ እንደገና ይከፈልበት እንደሆነም ያኔ ይታወቃል። በኅትመት ሥራ ከታዘዘው ጥቂት በመቶ ተርፎ ወይም ጎድሎ ማስረከብ የተለመደ ስለሆነ የሚፈቀደው ልክና የሚከፈልበት ሁኔታ በውሉ ላይ ይስፈር።

በስክሪን ላይ የተላከ ምስል ፊደልንና አቀማመጥን ለማረም ይጠቅማል፤ ቀለምን፣ ክብደትንና የመቆንጠጫውን ጥንካሬ ግን አያሳይም። በእጅ የሚያዝ የታተመ ናሙና ሳያዩ አይፈርሙ። ናሙናው ሲመጣም ለሥራ አስኪያጁ ብቻ አያሳዩት፤ ቆሞ ለሚጽፈው ሠራተኛ ሰጥተው አንድ ሙሉ ቀን ይሥራበት፣ ከዚያም ያለውን ያዳምጡ።

9. ሲረከቡ ይቁጠሩ፣ ይፈትሹ

የጸደቀውን ናሙና ፈርመውበት ያስቀምጡ፤ በርክክብ ዕለት መለኪያዎ እርሱ ነው። ከላይኛው ካርቶን ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከሥርም ከፍተው የተወሰኑትን ያውጡ። የፓዱን ሉክ ይቁጠሩ፣ ወረቀቱን በሚዛን ይመዝኑ፤ ባለ 80 ግራም የተባለ ኤ4 ሃምሳ ሉክ ያለ ጀርባ ካርቶኑ ከ250 ግራም እጅግ ካነሰ ወረቀቱ ተቀይሯል። የቴፑንና የመቆንጠጫውን ፈተና በጥቂቶቹ ላይ ይድገሙ። ጉድለት ከተገኘ ከመፈረምዎ በፊት በርክክብ ሰነዱ ላይ በቁጥር ይጻፉት።

ፓዶቹን በጠፍጣፋው ደርድረው፣ ከወለል ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳ አራርቀው በደረቅ ክፍል ያስቀምጡ፤ እርጥበት ያገኘው ወረቀት ይጠቀለላል፣ የአናቱም ሙጫ ይለቃል። ከፈረሙበት ናሙና ጋር የትእዛዙን ዝርዝርና የዓርማውን ፋይል በአንድ ፖስታ ያኑሩ፤ ክምችቱም የአንድ ወር ፍጆታና ማተሚያ ቤቱ ሥራውን እስኪጨርስ የሚያልቀው ፍጆታ ድምር ያህል ሲቀር አዲሱን ትእዛዝ ይላኩ።